በመነጽር የሚበላ

ልጄ ከአዲስ አበባ የተላከልኝን በሶ የጣለችው በቅንነት ነው። ከሥራ ስመለስ ሁለት ኪሎ በሶ ከእነ ላስቲኩ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። «አባዬ፣ እኔ ባልደርስልህ ዛሬ ሆስፒታል ነበርክ» አለችኝ። ላስቲኩን አውጥቼ ጀርባውን አየሁ። «የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ፦ 06/2018» ይላል። ሜሪላንድ ተወልዳ ላደገች ልጅ፣ በሶው ካበቃለት ሰባት ዓመት አልፎታል። በእኔ አቆጣጠር ግን ያኔ ገና ጥቅምት 2018 ነበር፤ እስከ የካቲት ድረስ በሰላም ይበላል። ስለ ዘመን አቆጣጠራችን፣ ስለ ጳጉሜን፣ ስለ ሰባትና ስምንት ዓመቱ ልዩነት ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። አዳምጣ ስታበቃ «ታዲያ የማን ዓመት እንደሆነ ለምን አልጻፉበትም?» አለች። መልስ አልነበረኝም። በሶውን አራግፌ መደርደሪያው ላይ መለስኩት።

ይህች ልጅ ሳታነብ የምትጎርሰው ነገር የለም። እኔም አሜሪካ እንደገባሁ በዚህ ነገር ተደንቄ ነበር። በእነሱ አቆጣጠር በ1990 የወጣው ሕግ ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሎ፣ እያንዳንዱ ቆርቆሮና ካርቶን በጀርባው ሰንጠረዥ ተሸክሟል፤ ካሎሪው፣ ስቡ፣ ጨውና ስኳሩ በቁጥር ተቀምጧል። እንዴት ያለ ሰው አክባሪ አገር ነው አልኩ። ማንበብ ስጀምር ነው መናደድ የጀመርኩት።

ምጣድ ላይ የሚረጭ የዘይት ጣሳ አለ። ጣሳው ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ሰንጠረዡ ግን «ስብ 0 ግራም» ይላል። ዘይት እንዴት ስብ አይኖረውም ብዬ መነጽሬን አድርጌ ከላይ ጀመርኩ። ቁጥሮቹ በሙሉ የሚሰሉት «ለአንድ ጊዜ» በሚባለው መጠን ነው፤ የዚህ ጣሳ አንድ ጊዜ ደግሞ የሩብ ሰከንድ መርጨት ነው። ሩብ ሰከንድ! በሕጉ መሠረት በአንድ ጊዜው ውስጥ ያለው ስብ ከግማሽ ግራም ካነሰ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። እኔ ምጣድ ሳሰስ ጣቴን ስንት ሩብ ሰከንድ እንደምጫን ቆጥሬ አላውቅም። የጻፉት ውሸት ቢሆን ኖሮ ሰድቤ እገላገል ነበር። እውነት ነው፤ የሚያበግነውም ይኸው ነው።

በጾም ጊዜ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አገር ቤት «የጾም ነው?» ብለህ ትጠይቃለህ፣ «አዎ» ትባላለህ፣ ታልፋለህ። እዚህ የገና ጾም ሲገባ ዳቦ ለመግዛት በሱፐርማርኬቱ መተላለፊያ ቆሜ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ፣ ከጤፍ ፍሬ በሚያንሱ ፊደላት መሐል ወተትን አድናለሁ። ወተት በራሷ ስም አትገባማ። አንዴ «ዌይ» ነች፣ አንዴ «ኬሲን» ነች። ዌይ ምን እንደሆነች የገባኝ ቆይቶ ነው፤ የእኛው አጓት ነች! እናቴ አይብ ስታወጣ ለጥጃ የምትሰጠው አጓት እዚህ ደርቃ፣ ዱቄት ሆና፣ ባሕር ማዶ ስም ወጥቶላት ዳቦ ውስጥ ትጠብቀኛለች። ከሁሉ ያስደነገጠኝ የቡና ማንጫ ዱቄቱ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ «የወተት ምርት ያልሆነ» ይላል። ጀርባውን ስትገለብጠው ኬሲን አለበት፤ ከጎኑም «የወተት ተዋጽኦ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ዕቃ በፊቱ ሌላ፣ በጀርባው ሌላ ይናገራል።

እርግጥ በእነሱው አቆጣጠር በ2004 የወጣ ሌላ ሕግ ረድቶናል። ለአለርጂ ሕመምተኞች ሲባል ወተትን፣ እንቁላልን፣ ስንዴንና የመሳሰሉትን በተለመደ ስማቸው እንዲጽፉ ያስገድዳል። ስለዚህ ብዙው ዕቃ ከዝርዝሩ ሥር «ወተት ይዟል» የሚል ደመቅ ያለ መስመር አለው። እኔም ከታች ወደ ላይ ማንበብ ለመድኩ። «ቪጋን»፣ ማለትም ከእንስሳት የተገኘ ነገር የሌለበት፣ የሚለው ጽሑፍም ለእኛ ታስቦ የተጻፈ ባይሆንም ለእኛ ደርሷል። ችግሩ «ወተት ሊኖርበት ይችላል» የምትለዋ ናት። ፋብሪካው በዚያው መሣሪያ የፍስክም ስለሚያመርት ራሱን ለመከላከል የሚጽፋት ነች። ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ቡና ላይ ስንት ጊዜ ተከራክረንባታል! በመጨረሻ አንድ አባት ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ፋብሪካውን ጹም ያለው የለም፤ አንተ ጹም» አሉኝ።

በጥር 2023 ሰሊጥም መጻፍ ካለባቸው ውስጥ ዘጠነኛ ሆኖ ገባ። ታዲያ አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች መሣሪያቸውን ከሰሊጥ ከማጽዳት ይልቅ፣ ቀድሞ ሰሊጥ ያልነበረበት ዳቦ ላይ ትንሽ ሰሊጥ ጨምረው «ሰሊጥ ይዟል» ብለው መጻፉ ቀለላቸው። ሰሊጥ የማይስማማው ሰው የለመደው ዳቦ እንኳ ቀረበት። ይህን ሳነብ፣ እንዲህ ያለው ብልጠት የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር አልኩ።

የእኛም ቢሆን አለ። እዚሁ ሰፈር ከአንድ የሐበሻ ሱቅ በላስቲክ የታሸገ እንጀራ አነሳሁ። ፊቱ ላይ መሶብ ተስሎ «የጤፍ እንጀራ» ይላል። በጀርባው ያለው ዝርዝር ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ ይላል። የአሜሪካ ሕግ ዝርዝሩ በክብደት ቅደም ተከተል ይሁን ስለሚል፣ ሦስተኛ የተጻፈ ጤፍ ሦስተኛ ነው። እኔ ግድ የለኝም፣ ጠግቤ እተኛለሁ። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባለው ነገር የለውም ተብሎ ተመክሮ፣ ፊቱን ብቻ አይቶ የሚገዛው በሽተኛ ግን ታመመ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ስሄድ ይህን አመል ይዤ ሄድኩ። አንድ ሱፐርማርኬት ገብቼ የታሸገ በርበሬ አንስቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። ሹሩባ የተሠራች ሴት ሥዕል አለበት፤ ከጀርባው «ከተመረጡ ቅመማ ቅመሞች የተዘጋጀ» ይላል። የትኞቹ ቅመሞች? ሻጯ ልጅ መጣች።

«ጋሼ፣ ምን ልርዳዎት?»

«ምን ምን እንዳለበት እያየሁ ነው።»

«በርበሬ ነዋ!»

ልክ ነች። ዘይቱ መደርደሪያ ዘንድ ደግሞ በፓልም ዘይት ጀሪካን ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ተብሎ በቀይ ተጽፎ አየሁ። ኮሌስትሮል ከእንስሳት እንጂ ከተክል የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ውኃም የለውም፣ ጎመንም የለውም። የፓልም ዘይት ስብ ግን ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ነው፤ በክረምት ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ሞራ ሲነጣ ያላየ የለም። እሱ አልተጻፈም። አንድ ብስኩት ላይ ደግሞ የማብቂያ ቀኑ በወረቀት ተሸፍኖ ሌላ ቀን ተለጥፎበታል። በጥፍሬ ልገነጥለው ስል ልጅቷ ስታየኝ አፍሬ ተውኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግሥቱ ከእናቴ ጋር ቅቤ ልንገዛ ሾላ ገበያ ወረድን። እናቴ ማንበብ ትችላለች፤ እዚያ ግን የሚነበብ የለም። ከቅቤው በጣቷ ቆንጥራ የእጇ ጀርባ ላይ አሸችው፣ እስኪቀልጥ ጠበቀች፣ አሸተተች፣ ከምላሷም አስነካች። «ይህ ሙዝ ገብቶበታል» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። ባለ ቅቤዋ አልማለችም፤ አልተቆጣችምም። ጎንበስ ብላ ከሥር በኮባ የተጠቀለለ ሌላ አወጣች። የዚያኑ ዕለት ማታ እናቴን አሞገስኳት፤ አሜሪካ ሰንጠረዥ አለ፣ አንቺ ግን አፍንጫ አለሽ አልኳት። አልተደሰተችም። «ጤፍ ውስጥ ጀሶ፣ በርበሬ ውስጥ ሸክላ ሲፈጩበት አፍንጫ ምን ያደርጋል? የታሸገውን ደግሞ አሽትቼ አልችለው። እነሱ ቢጽፉት ይሻለን ነበር» አለችኝ።

የበሶውን ነገር በስልክ ስነግራት ግን ሳቀች። «ሰባት ዓመት?» እያለች ደጋግማ ሳቀች። ከወር በኋላ በመንገደኛ ሌላ በሶ ደረሰልን፤ ገብሱን ራሷ ቆልታ፣ ራሷ አስፈጭታ የላከችው። ላስቲኩ ላይ በፕላስተር ወረቀት ተለጥፏል፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በእናቴ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ገብስ፣ ጨው። ሌላ የለበትም። በእኛ እስከ ሚያዝያ 2018፣ በእናንተ እስከ ኤፕሪል 2026። ከዚያም በኋላ ካልሸተተ ይበላል።»

ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ላስቲኩን ፈታ አፍንጫዋን አስገባች።