ግጥም ድልድይ አይደለም

ግጥም የኪነ ጥበብ፣ የሳይንስና የተፈጥሮ ድልድይ ነው ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። አባባሉ ያምራል፤ እኔን ግን አይጥመኝም። ድልድይ የሚሠራው ገደል ላለበት ቦታ ነው፤ ገደሉን የቆፈርነው ደግሞ እኛው ነን።

የፊዚክስ መጽሐፍ ገልጣችሁ ተመልከቱ። «የብርሃን ሞገድ» ይላል፤ ሞገድ ከባሕር የተወሰደ ቃል ነው። «መግነጢሳዊ መስክ» ይላል፤ መስክ ከብት የሚሰማራበት ሣር ነው። ፊዚክስ ዓይን የማያየውን ለመሰየም ሲቸገር እንደ ገጣሚ ከተፈጥሮ ተበደረ።

ገደሉን ካሰፉት አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ኪትስ ነው። በ1820 እ.ኤ.አ. በታተመ ረጅም ግጥሙ ሳይንስ የቀስተ ደመናን ድርና ማግ ተርትሮ ግርማውን ገፈፈው ሲል ይከሳል። (ከሳሹ ራሱ ሕክምና የተማረ ሰው ነበር!) እኔም በወጣትነቴ ክሱን አምኜ ነበር፤ ቀስቱ እንዴት እንደሚሠራ እስክማር ድረስ።

የፀሐይ ብርሃን ዝናብ ጠብታ ውስጥ ሲገባ ይሰበራል፣ ማለትም አቅጣጫው ይታጠፋል፤ ከጠብታው ጀርባ ተንጸባርቆ ሲወጣም ዳግም ይሰበራል። ቀለማቱ የሚለያዩት በዚህ መንገድ ነው፤ ቀዩ ከፀሐይ ትክክለኛ ተቃራኒ አቅጣጫ በ42 ዲግሪ ገደማ ርቆ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ስለዚህ ቀስቱ እኛ በቆምንበት ቦታ ይወሰናል። ጠብታዎቹ ያለማቋረጥ ይወድቃሉ፣ ሌሎች ይተካሉ፣ ቀስቱ ግን እንዳለ አለ። ይህ ግርማን መግፈፍ ከሆነ እኔ ሌላ ግርማ አላውቅም።

ሮናልድ ሮስ ከኪትስ ይልቅ ያሳምነኛል። ይህ ሐኪም በነሐሴ 1897 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ የወባን ተውሳክ በትንኝ ጨጓራ ላይ አገኘ። የላቦራቶሪ ማስታወሻው አልበቃውም፤ ሞትን ፊት ለፊት የሚያነጋግር ግጥም ጻፈ። ታላቅ ግጥም ነው አልልም፤ የኖቤል ሽልማት በ1902 ያገኘው በሕክምና እንጂ በሥነ ጽሑፍ አይደለም። ሆኖም የሚያወራውን ነገር በማይክሮስኮፕ ያየ ገጣሚ ነው።

የዛሬ ገጣሚዎቻችንን የምወቅሰው እዚህ ላይ ነው። «ወፏ ዘመረች» ይላሉ፤ የትኛዋ ወፍ? «አበባው ፈካ» ይላሉ፤ የትኛው አበባ፣ በየትኛው ወር? ሳያዩ ያደንቃሉ።

ሁለት ፍቅረኞች እጅ ለእጅ ተያይዘው አንድ ቀስተ ደመና የሚያዩ ይመስላቸዋል። ወደ እሷ ዓይን የሚመጣው ብርሃን ግን ከአንዳንድ ጠብታዎች፣ ወደ እሱ የሚመጣው ከሌሎች ነው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀስት ያያሉ። ይህን የነገረኝ ፊዚክስ ነው። ግጥሙን እስካሁን አላነበብኩትም።