ላልተዘመረለት አልበም ዘማሪዎች

ስለ አንድ አልበም ሲናገር «ያልተዘመረለት» ብሎ የሚጀምር ሰው ካጋጠማችሁ፣ ተነሥታችሁ ወንበር ልቀቁለት። እኛ ተራዎቹ ሙዚቃ እንደ ወጣ ሰምተን፣ ከወደድነው ወድደን፣ ከጠላነው ጠልተን የምናልፍ ችኩሎች ነን። እርሱ ግን ይታገሣል። አልበሙ ይወጣል፣ ይሰደባል፣ ይረሳል፤ ባንዱ ይበተናል፤ የተሳዳቢዎቹ ጸጉር ይሸብታል። እርሱ ዝም። ማሞገሱ ማንንም የማያስቆጣበት፣ መሟገቱም ጥፊ የማያስከትልበት ቀን መድረሱን ሲያረጋግጥ ጉሮሮውን ይጠርግና «ይህ አልበም ምን ያህል እንደተበደለ ታውቃላችሁ?» ይለናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ምቀኞች ናቸው። ጅቡ በትክክል መቼ እንደሄደ ማወቅስ ቀላል ችሎታ ነው?

የዚህ የዳግም ገምጋሚዎች ወገን ትልቁ ድል «ማይ ዋር» የሚባል አልበም ነው፤ «ጦርነቴ» እንደ ማለት ነው። ባለቤቱ ብላክ ፍላግ እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኸርሞሳ ቢች በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የተቋቋመ፣ ፓንክ የተባለውን ጯሂ የሮክ ስልት ይበልጥ አፍጥነውና አክርረው ሃርድኮር የተባለውን ስልት ካዋለዱት ባንዶች አንዱ ነው። በ1981 ያወጣው «ዳሜጅድ» 15 ዘፈኖችን በ35 ደቂቃ ገደማ ጭኖ ያራገፈ አልበም ነበር፤ አድናቂዎቹም ሁለት ደቂቃ ያለፈ ዘፈን ስብከት መስሎ የሚታያቸው ሆኑ። ከዚያ ክስ መጣ። ባንዱ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ጋር በገባበት ሙግት ምክንያት በራሱ ስም አዲስ ሸክላ እንዳያወጣ ታገደ። ትእዛዙን ጥሳችኋል ተብለው ጊታሪስቱ ግሬግ ጊንና ቤዝ ተጫዋቹ ቸክ ዱካውስኪ በ1983 አምስት ቀን እስር ቤት አደሩ።

«ማይ ዋር» በ1984 ሲወጣ እንግዲህ ሕዝቡ ተርቦ ነበር። ዱካውስኪ የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን ጽፎ ትቶ ከባንዱ ወጥቷል። ጊን ጊታሩንም ቤዙንም ራሱ ተጫወተና ለቤዙ ዴል ኒክሰን የሚባል ሰው ፈጥሮ ስሙን አሰፈረለት። ዳግም ገምጋሚዎቻችን ይህን ታሪክ ሲያወሩ ዐይናቸው እንባ ያቀርራል። የሌለን ሰው ማመስገን ሙያቸው ነውና እንደ ወንድማቸው ያዩታል።

የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ስድስት ዘፈኖች አሉት፤ በእነርሱ ብዙ ጠብ አልተነሣም። ሸክላው ሲገለበጥ ግን ሦስት ዘፈን ብቻ፣ ሦስቱም እያንዳንዳቸው ከስድስት ደቂቃ በላይ፣ ሦስቱም የክረምት ጭቃ እንደ ያዘው የጭነት መኪና የሚያጓሩና የማይንቀሳቀሱ። ፍጥነት ሃይማኖቱ ለሆነ ወጣት ይህ ክሕደት ነው። በዚያ ላይ ባንዱ ጸጉሩን አሳድጎ ነበር፤ ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ ለተላጨ ተመልካች ሁለተኛ ክሕደት። ድምጻዊው ሄንሪ ሮሊንስ በየመድረኩ ምራቅ ተተፋበት፣ ተመታ።

እዚህ ላይ አንድ የሒሳብ ጥያቄ አለኝ። ዛሬ ያን ዘመን ያየ ሁሉ «እኔስ ያኔም ወድጄው ነበር» ይላል። አንድም ሰው «እኔ ተፍቻለሁ» ብሎ አያውቅም። ታዲያ ያ ሁሉ ምራቅ ከየት መጣ? ጣሪያው ነው ያፈሰሰው?

እርግጥ በወጣበት ጊዜ የወደዱት አልጠፉም። በዋሺንግተን ግዛት የሚኖሩ ሜልቪንስ የሚባል ባንድ ልጆች ሁለተኛውን ገጽ ሰምተው የራሳቸውን ፈጣን ሙዚቃ እንደ ሬንጅ አጓተቱት። የኒርቫና ባንድ ድምጻዊ ከርት ኮቤይንም በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ከዘረዘራቸው 50 ተወዳጅ አልበሞቹ መካከል አስገብቶታል። እነዚህ በዳግም ግምገማ ሙያ ፊት የሚያሳፍሩ ሰዎች ናቸው። አርባ ዓመት መጠበቅ አቅቷቸው ወዲያው ወደዱት፤ ወድደውም ጽሑፍ በመጻፍ ፈንታ ሙዚቃ ሠሩ። ትዕግሥት የለሾች!

ከእነርሱ ሥራ በኋላ የመጣው ስልት ስላጅ ሜታል ተባለ። ስላጅን በእኛ አተላ ብንለው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም። ዳግም ገምጋሚውም እንግዳው ሁሉ ጠላውን ጠጥቶ ከሄደ በኋላ ጋኑ ሥር ተቀምጦ አተላውን በብርጭቆ እየቀዳ «ዋናው ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ነው» የሚል ሰው ነው። የሚያስቀናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

ቃላቱንም ሳላደንቅ አላልፍም። «ከዘመኑ የቀደመ» ማለት ይወዳል። ይህን ሐረግ «እኔ ከዘመኑ ዘገየሁ» ብሎ የሚተረጉም ክፉ ሰው አይጠፋም፤ አትስሙት። ከዚህ የሚበልጠው ግን «ሆን ተብሎ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ገጽ ያሰለቻል ብትሉት፣ መሰልቸቱ ሆን ተብሎ የታሰበ ነው። የጊታሩ ነጠላ ጨዋታ የጠፋበት በግ የሚፈልግ ይመስላል ብትሉት፣ መጥፋቱ ሆን ተብሎ ነው። ይህን ትምህርት እኔም በመኖሪያ ቤቴ ሞክሬዋለሁ። ወጥ ሲያርርብኝ «ማረሩ ሆን ተብሎ ነው፤ ከዘመኑ የቀደመ ወጥ ነው» አልሁ። ባለቤቴ ዳግም ግምገማ አታውቅም፤ ድስቱን አሳጠበችኝ።

ወጥ ካነሣሁ አይቀር ልናዘዝ። ያን ሁለተኛ ገጽ ከዳር እስከ ዳር የሰማሁት ለበዓል የዶሮ ወጥ ሽንኩርት የማቁላላት ተራ ደርሶኝ ነው። ገጹ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ ሽንኩርቱ ግን በሃያ ደቂቃ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። በመጀመሪያው ዙር አዘንሁ፤ በሁለተኛው ተናደድሁ። በሦስተኛው ሽንኩርቱ ቀልቶ ወደ ድስቱ ግርጌ ሲወርድ፣ የቢል ስቲቨንሰን ድራምና ማማሰያዬ በአንድ ምት ሲሄዱ፣ ሮሊንስም ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ሲጮህ፣ ይህ ነገር በሌላ ፍጥነት ሊሆን እንደማይችል ገባኝ። ወደድሁት። ለማንም ግን አልተናገርሁም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል።

ለሙያው የምፈራለትም ይህንኑ ነው። «ማይ ዋር» አሁን በአዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ ተመስግኗል፤ ያልተዘመረለት እያሉ የሚዘምሩለት ከመብዛታቸው የተነሣ ዝማሬው ሸክላውን ሊያስረሳ ነው። ቀጣዩ ማን ይሁን? በዚያው በ1984 የወጣው «ፋሚሊ ማን» አለ፤ በአንደኛው ገጽ ሮሊንስ ይናገራል፣ በሌላው ባንዱ ያለ ዘፋኝ ይጫወታል። እርሱም ቢሆን ደፋር ነን በሚሉ ተይዟል ይባላል።

እኔ ዐይኔን የጣልሁት በሌላ ላይ ነው። ጊን በ2013 ያለ ሮሊንስ፣ ከቀድሞው ዘፋኝ ከሮን ሬይስ ጋር ሆኖ «ዋት ዘ» የሚል አልበም በብላክ ፍላግ ስም አውጥቷል። 22 ዘፈን። ሐያስያን ዘፈኑንም ሽፋኑንም አብረው ቀጠቀጡት። ብስል ነው ለማለት ገና ነው፤ በ2053 አርባ ዓመት ይሞላዋል። ከወዲሁ «እኔ ገና በወጣበት ሳምንት ወድጄው ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። አልበሙን ደግሞ ጊዜ ሲገኝ እሰማዋለሁ።