ውዳሴ ሃይላንድ

የጎንደር ሰው እንግዳውን ባዶ እጁን አይሸኝም። እኔና ወዳጄም ያደግንበትን ወግ አልጣስንም። በሁለት ቀን ያየናቸውን ተራሮችና ደሴቶች ባዶ እጃቸውን ትተናቸው አልተመለስንም። ለያንዳንዳቸው አንዳንድ ሃይላንድ ሰጥተናል። ባዶውን፣ ክዳኑን ለብቻ።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሰሞን ነው። ቅዳሜ ስሜን ተራሮች፣ እሑድ ጎርጎራ። የሚነዳው ወዳጄ፣ መኪናዋም የሱ። ይህችን መኪና ሳላስተዋውቃችሁ ባልፍ ነውር ነው። ወለሏ ላይ ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ ፕላስቲክ፣ ፕላስቲኩ ላይ ካርቶን አለ። መስታወቷ ላይ ሽቶ ተንጠልጥሏል። ጫማህን አውልቀህ ግባ ሊልህ ትንሽ ነው የሚቀረው። ወለቃን እንዳለፍን ቆሎ ስቆረጥም አንዲት ሽምብራ አምልጣኝ ወንበር ሥር ገባች። አምባ ጊዮርጊስ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ በስልኩ መብራት ፈልጎ አወጣት።

እንዲህ ያለ የጽዳት ሰው ባዶ ሃይላንድ እግሩ ሥር ሲንከባለል እንዴት ይችላል? አይችልም። ዳባት ሳንደርስ የመጀመሪያዋን ሸኛት። መስኮቱን በቀስታ ዝቅ አደረገ፣ ክንዱን ዘረጋ፣ ከዚያ ጣቶቹን ብቻ ፈታ። አይወረውርም። የሚወረውሩት ስዶች ናቸው። እሱ ይለቃል። መሪውን የያዘችው ቀኝ እጁ ግራዋ የሠራችውን አላወቀችም፤ ምጽዋት ማለት እንዲህ ነው።

ምጽዋት ያልኩት እንዲያው አይደለም። «ልጆች ያነሱታል» አለኝ። እውነቱን ነው። በየመንገዱ ዳር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ መኪና የሚከተሉ ልጆች አሉ። ባዶ ሃይላንድ ገጠር ሲገባ ንብረት ነው። ጠላ ይቀዳበታል፣ ዘይት ይገዛበታል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ውሃ ይዞበት ይሄዳል። የወዳጄን ልግስና ልዩ የሚያደርገው ታዲያ ልጆቹ በሌሉበት መልቀቁ ነው። ልጆች ሲያይማ መስኮቱን ዘግቶ ነዳጅ ይረግጣል። «መኪና ይጭራሉ» ይላል።

ደባርቅ ላይ የፓርኩን ክፍያ ከፈልን። ጠመንጃ ያነገቱ አንድ ሽማግሌ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ተሰጡን። አስፋልቱ አለቀ፣ አቧራው ጀመረ፣ ሳንቃ በር ደረስን። ስለ መልክዓ ምድሩ ብዙ አልልም፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ያውቀዋል፣ ያላየ አያምነኝም። ፈረንጅ ይህን ደጋ ምድር ሃይላንድ ይለዋል አሉ። እኛ ደግሞ ስሙ ባዶ ስም ሆኖ እንዳይቀር በየመታጠፊያው ማስረጃ እያስቀመጥን ነው።

ስሜን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው። በ1996 «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ውስጥ ገባ። ከዚያ ለመውጣት 21 ዓመት ፈጀበት። ዋልያው ይተንፍስ ተብሎ ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ሰው ቤቱንና እርሻውን ትቶ ተነሣ። ያን ያህል ሰው ሲለቅ መቼም ቦታው ይከፋዋል። ወዳጄን የመሰሉ አዛኞች ባይኖሩ ኖሮ ማን ይተካው ነበር?

ጭላዳዎቹ ሣር ላይ ተቀምጠው በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ። ወዳጄ ውሃውን ጨለጠና ሃይላንዱን ከጎናቸው ለቀቀው። አንድ ትልቅ ወንድ፣ ጎፈሬውን ነፋስ እያርገበገበው፣ መጣና አነሣው። ገለበጠው። በጥርሱ ሞከረው። ከዚያ ቀና ብሎ እኛን አየን። ከዚያ አስቀመጠውና ወደ ሣሩ ተመለሰ።

«ልጄ፣ ወደቀብህ» አሉ ስካውቱ።

«ይሁን አባቴ፣ ልጆች ያነሱታል።»

ስካውቱ ወደ ግራ አዩ። ወደ ቀኝ አዩ። ገደል፣ ጅባራ፣ ጭላዳ። ዝም ብለው ጠመንጃቸውን አስተካከሉና ጎንበስ ብለው አነሡት፤ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«አየህ?» አለኝ ወዳጄ።

እኔስ ምን አልኩ? ምንም። ይሉኝታ የሚባል ትልቅ ጸጋ አለኝ። ደግሞስ በገዛ ቤንዚኑ የሚያዝናናህን ሰው በአንድ ሃይላንድ ትገሥጸዋለህ?

እሑድ ጠዋት በግንቡ በኩል አለፍን። አፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጀመሩት ያ ሁሉ ግንብ ድንጋይ ፈልጓል፣ ኖራ ፈልጓል፣ እስከ ዛሬም ጥገና ይፈልጋል። ሃይላንድ ምንም አይፈልግም። ያለ ግንበኛ፣ ያለ በጀት፣ መቶ ዓመታትን ይሻገራል። ነገሥታቱ ስንት ደክመው ያገኙትን ወዳጄ ሁለት ጣት በመፍታት ያገኘዋል።

ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ፣ ከዚያ ጎርጎራ። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የደንቢያ ገበሬ እምቦጭ ጣናን ሲወርር እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ በእጁ የነቀለ ሰው ነው። ወዳጄም አንድ ጊዜ ቲሸርት ለብሶ ዘምቷል። ለዘማች የታደለውን ውሃ ጠጥቶ፣ እምቦጩ በተነቀለበት ቦታ ሃይላንዱን ተካ። እምቦጭ ተነቅሎ ይደርቃል፣ ደርቆ ይቃጠላል። ያቺ ሃይላንድ ግን ዛሬም ሳትኖር አትቀርም፤ ሄደን ብንጠይቃት ደስ ይለኝ ነበር።

በጀልባ ማንዳባ መድኃኔዓለም ተሻገርን። ወዳጄ ሃይማኖተኛ ነው። ጫማውን ማንም ሳይነግረው አወለቀ፣ ደጁን ተሳለመ። አንድ አባት በሃይላንድ ጠበል ሞሉለት። ያቺን ሃይላንድ ሲይዝ ባያችሁት! ክዳኗን ሦስት ጊዜ አጠበቀ። በነጠላው ጠቀለላት። መኪናው ጋ ስንመለስ እኔን ወደ ኋላ አዛውሮ ጋቢና አስቀመጣት፣ ቀበቶም አሰረላት። ስለዚህ ወዳጄን «ሃይላንድ መያዝ የማይችል» የምትሉ ሰዎች ስም ማጥፋቱን ተዉት። ይችላል። እንደ ሃይላንዷ ነው።

ጠበል ያልያዘችውንማ ገና ጀልባው ላይ ሳለን ለጣና ለቋት ነበር። ጀልባ ነጂው አየና ፊቱን አዞረ፤ ይሉኝታ እኔ ጋ ብቻ የለም። ሃይላንዷ ትንሽ ተንገዋለለችና ቀጥ ብላ ቆመች፣ አንገቷን ከውሃው አውጥታ። እኔም ጉዞዋን በሐሳቤ ተከተልኩ። አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል ነበር። ግንዱ አልቋል መሰለኝ፣ አሁን ሃይላንድ ይዞ ይዞራል። ነገሩን ካሰባችሁት ደግሞ ያስደንቃል። ስሜን ላይ ከስካውቱ ዓይን ያመለጠችው በተከዜ ትወርዳለች። የጣናዋ በአባይ ትወርዳለች። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ፣ አትባራ ከተማ አጠገብ ነው። ግድብ ካላስቀራቸው የቅዳሜዋና የእሑዷ ሃይላንድ እዚያ ተገናኝተው የጎንደርን ወሬ ይጠያየቃሉ። እኛ ከተማ ለከተማ መንገድ ተዘጋ፣ ነዳጅ ጠፋ ስንል እነሱ ድንበር ይሻገራሉ። ቤቱ የዋለ ጎንደሬም አይከፋው። ቀሃ ወንዝ ላይ የጣላት ሃይላንድ መገጭ ትገባለች፣ መገጭ ጣና ያደርሳታል። ወረፋ የለ፣ ትኬት የለ።

ማታ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥን። ወዳጄ ፎቶ ይመርጣል። የሳንቃ በሩን ወደደው፤ እሱ እጁን ዘርግቶ፣ ከኋላው ገደሉ፣ ከገደሉ ወዲያ ሰማያዊ ተራራ በተራራ ላይ። «ሀገሬ፣ ውበትሽ!» ብሎ ጽፎ ሊለጥፈው ሲል ቆመ። ስክሪኑን በሁለት ጣቱ አሰፋና አፍጥጦ አየ።

«ኤጭ! ይቺ ነገር አበላሸችብኝ እኮ።»

እግሩ ሥር አንዲት ሃይላንድ ተጋድማለች። አልተናደደም፣ ሙያ አለው። በጣቱ ከበባት፣ አንዴ ነካት፣ ጠፋች። በሁለት ቀን ሙሉ ያነሣት ሃይላንድ እሷ ብቻ ናት። ስልኩ ደግሞ ቦታዋ ላይ ሣር አበቀለበት።