ሌባው ለምን አይታጠፍም?

ፖሊስ ለመሆን የሚያስፈልገኝን ሁሉ አሟልቻለሁ ብዬ ነበር። ሳይነጋ ተነስቼ እሮጣለሁ። ፑሽአፕ ላይ ሠላሳን ካለፍኩ ቆየሁ። ቁመቴ ይበቃል። ዓይኔም የመጨረሻዋን ትንሽ መስመር ያነባል። መስታወት ፊት ቆሜ «መንጃ ፈቃድ!» ማለትን እንኳ ተለማምጃለሁ። ድምፄ ትንሽ ይሰልላል፤ እሱን ዓይን በማፍጠጥ እሞላዋለሁ።

ከዚያ ማስታወቂያው ወጣ። የጽሑፍ ፈተና አለ። ፈተናው ውስጥ ደግሞ ሒሳብ አለ። አመልካቹ ብዙ፣ የሚፈለገው ጥቂት ነው። ሩጫውንማ ሁሉም ይሮጣል፤ ሰውን ከሰው የሚለየው ሒሳቡ ነው አሉ።

እኔና ሒሳብ የተለያየነው በስምምነት ነበር። ትምህርት ቤት ስጨርስ «አንተም አትፈልገኝ፣ እኔም አልፈልግህም» ተባብለን በሰላም ተፋታን። ንብረት እንኳ አልተካፈልንም። ማካፈል ብችል መጀመሪያውኑ መቼ እንፋታ ነበር?

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ግራ ገባት።

«ሌባን በመቶኛ ነው እንዴ የሚይዙት?»

«ፈተና እኮ ነው እማዬ።»

«ታዲያ አንድ ሌባ ለቀው ቀድሞ የያዘውን አይቀጥሩም?»

ከዚህ የተሻለ ሐሳብ እስካሁን ከማንም አልሰማሁም። ግን እናቴን የሚጠይቃት የለም። ስለዚህ የመለማመጃ መጽሐፍ ገዛሁ። ሽፋኑ ላይ አንድ ፖሊስ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ፈተናውን ያለፈ መሆን አለበት።

መጽሐፉን ስከፍት ያገኘሁት ሒሳብ አይደለም፤ የተጠርጣሪ መዝገብ ነው። ገጽ በገጽ። አንዱ ሰውዬ ገንዳ ይሞላል። ቧንቧው ገንዳውን በ4 ሰዓት ይሞላዋል። ከታች ያለው ማፍሰሻ ደግሞ ሙሉውን ገንዳ በ6 ሰዓት ያወጣዋል። ሁለቱም ክፍት ቢሆኑ ገንዳው በስንት ሰዓት ይሞላል? መልሱ 12 ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሰውዬው ማፍሰሻውን ለምን አይደፍነውም? አስልቼዋለሁ። በእነዚያ 12 ሰዓታት ውስጥ ሁለት ገንዳ ሙሉ ውኃ ሜዳ ላይ ፈሷል። ይሄ ሰው ጣቢያ ተጠርቶ ቃሉን መስጠት የለበትም?

ቀጥሎ አንድ አባት አለ። ዕድሜው የልጁ 4 እጥፍ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ግን 2 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ዕድሜያቸው ስንት ነው? አባት 40፣ ልጅ 10። ይህን ለማወቅ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። «መታወቂያ ያሳዩኝ» ብላቸው ኖሮ አንድ ደቂቃም አይፈጅ።

ባለሱቁ ላይ ደግሞ ተሳስቻለሁ። ዕቃው ላይ 20 በመቶ ይጨምራል፤ ከዚያ «20 በመቶ ቅናሽ!» ብሎ ይለጥፋል። ወዲያው ጠረጠርኩት። ለካስ ምስኪን ነው። 100 የነበረው 120 ሆነ፤ የ120 ሃያ በመቶ ሲነሳለት 96 ቀረ። ሰው ሊያታልል ተነስቶ ራሱ ከመቶው 4 ከሰረ። ለቀቅኩት።

ሁለት ሠራተኞችም አሉ። አንዱ ሥራውን በ10 ቀን፣ ሌላው በ15 ቀን ይጨርሳል። አብረው ቢሠሩ በ6 ቀን ያልቃል ይላል መጽሐፉ። ይሄ ወሬ ካልጀመሩ ነው። ሁለት ሰው አሠርቶ የሚያውቅ ሰው ጥያቄውን ቢያወጣው መልሱ 20 ቀን በሆነ።

ከሁሉም ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌባው ነው። ይሄ ጥያቄ በየመለማመጃው አለ። ፖሊስ 200 ሜትር ርቀት ላይ ሌባ ያያል። ሌባው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር፣ ፖሊሱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በስንት ደቂቃ ይይዘዋል?

ደስ አለኝ። የሙያዬ ጥያቄ ነው። ከዚያ ግማሽ ደብተር ጨረስኩበትና አንዴ ሌባው ከመስረቁ በፊት ያዝኩት፣ አንዴ ደግሞ ለመያዝ አራት ቀን ፈጀብኝ። ጎኔ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ የነበረችው የእህቴ ልጅ ሚጡ ናት አዝና ቀና ያለችው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እርሳሷ ላይ ጥንቸል አለ።

«ጋሼ፣ ልዩነታቸውን ብቻ ውሰድ። 10 ሲቀነስ 8?»

«ሁለት።»

«ስለዚህ በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋዋል። 200 ሜትር የ2 ኪሎ ሜትር ስንተኛ እጅ ነው?»

ጣቴን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ። እጄን ይዛ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንድ አሥረኛ። የአንድ ሰዓት አንድ አሥረኛ?»

«ስድስት ደቂቃ!» አልኩ። ጮህኩ ማለት ይቻላል። እናቴ ከጓዳ «ያዛችሁት?» አለች።

ሚጡ ግን የሚቀራት ነገር ነበር። እርሳሱን እየነከሰች ጥያቄውን እንደገና አነበበችው።

«ጋሼ፣ ሌባው ለምን አይታጠፍም?»

«መንገዱ ቀጥ ያለ ነው።»

«ሌባ ቀጥ ያለ መንገድ ይወዳል?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሌባ ከመቼ ወዲህ ነው? እኔ ላብ ላብ እንዲለኝ ብቻ ስሮጥ እንኳ ከዚያ እበልጣለሁ። ይሄ ሌባ ሰርቆ የሚሸሽ ሳይሆን ቀጠሮ የረፈደበት ሰው ነው የሚመስለው።

ኋላ ሳነብ ነገሩ የቆየ መሆኑን አወቅኩ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አልኪውን የሚባል መምህር ሰበሰባቸው ከሚባሉት እንቆቅልሾች አንዱ ይኸው ነው፤ የሌባውን ቦታ የያዘችው ጥንቸል ናት። ውሻና ጥንቸል በ150 ጫማ ተራርቀዋል። እሷ 7 ጫማ ስትዘል እሱ 9 ጫማ ይዘላል። በ75ኛው ዝላይ ላይ ይይዛታል። ከ1200 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ጥንቸሏም አልታጠፈችም። ጥንቸል እኮ ናት! መታጠፍ ሥራዋ ነው!

በመሃል አማካሪ ተገኘልኝ። ይህን ፈተና ሦስት ጊዜ የተፈተነ ጓደኛ አለኝ። ሦስት ጊዜ ወድቋል፤ በዚህም ምክንያት አማካሪ ሆኗል። «ቀመር አታጥና፣ አቋራጭ አጥና» አለኝ። 35 በ35 ስንት ነው? 3ን ከሱ በሚቀጥለው በ4 አባዛና 12፤ ከኋላው 25 ለጥፍ፤ 1225። በ5 ለሚያልቅ ቁጥር ሁሉ ይሠራል። አበድኩ። ለሦስት ቀን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «85 በ85 ስንት ነው?» እያልኩ አስመረርኩ። (7225 ነው።) ሌላም አሳየኝ፦ የ25 አሥራ ስድስት በመቶ ከከበደህ ገልብጠው፤ የ16 ሃያ አምስት በመቶ በለው። 4። ይሄኛውስ እውነትም ይጠቅማል። እንዲህ እያወቀ እንዴት ሦስት ጊዜ እንደወደቀ ግን አልገባኝም፣ እስከሚቀጥለው ምክሩ ድረስ።

«ካላወቅክ ዝም ብለህ ሐ ላይ ተኛ።»

እዚህ ላይ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያዘኝ ሒሳብ ሠራሁ። ምርጫው አራት ነው። ያገኘ 1 ነጥብ ይያዝለታል፤ የሳተ ሲሶ ነጥብ ይቀነስበታል። አራት ጥያቄ በደፈናው ብመታ በአማካይ አንዱን አገኛለሁ፣ ሦስቱን እስታለሁ። የመጣው 1፣ የሄደው 1። ዜሮ! ሐ ላይ ተኝቶ ያደረ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚነሳው። አንዱን ምርጫ ስህተት መሆኑን አውቄ ከጣልኩ ግን ግምቱ ያዋጣል። ከሒሳብ ለማምለጥ ብዬ ይህን ሁሉ ሒሳብ መሥራቴ የታየኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ለመሳደቢያ ማስረጃ ፍለጋ «ሒሳብ ለፖሊስ ምን ይሠራል?» ብዬ ሳገላብጥ የጎማ ምልክት ጉዳይ አገኘሁ። አደጋ ሲደርስ መርማሪው አስፋልቱ ላይ የቀረውን ጥቁር የፍሬን መስመር ይለካል፤ ከርዝመቱ ተነስቶ የመኪናውን ፍጥነት ያሰላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ በ50 ሲነዳ የነበረ 14 ሜትር ገደማ ተንሸራትቶ ከቆመ፣ በ100 የሚነዳው 56 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ሾፌሩ «ቀስ ብዬ ነበር» ይላል፤ መንገዱ ግን ቃሉን ሰጥቷል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለሁለት ቀን ሒሳብን አልሰደብኩም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። 50 ጥያቄ፣ 45 ደቂቃ። ለአንዱ 54 ሴኮንድ መሆኑ ነው። ይህን ለማስላት የመጀመሪያውን 54 ሴኮንድ ጨረስኩ። ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ ትከሻው እንደ በር ነው፤ የማካፈል ምልክት እያየ ግን ያልበዋል። ገንዳው መጣ፤ ሞላሁት። አባትና ልጁ መጡ፤ ዕድሜያቸውን ነገርኳቸው። 85 በ85 አልመጣም።

ጥያቄ 41 ላይ ሌባው ቆሞ ይጠብቀኛል። ፈገግ አልኩ። ልዩነታቸውን ብቻ ውሰድ። ርቀቱ 200 ሜትር፣ የፖሊሱ ፍጥነት በሰዓት 8፣ የሌባው 10…

እንደገና አነበብኩት። ሌባው ይበልጣል።

ምርጫዎቹን አየሁ። ሀ. 6 ደቂቃ። ለ. 12 ደቂቃ። ሐ. 20 ደቂቃ። መ. ፈጽሞ አይደርስበትም።

መልሱ «መ» ነው። ይሄ ለእኔ እንኳ ግልጽ ነው። እርሳሴን «መ» ላይ አደረግኩ። ከዚያ እጄ አልንቀሳቀስ አለ። ነገ አንድ ኮማንደር የመልስ ወረቀቴን ቢያነሳስ? ፖሊስ ልሁን ብሎ የመጣ ሰው፣ ገና ሳይቀጠር፣ በራሱ እጅ «ፈጽሞ አይደርስበትም» ብሎ አጥቁሮ ቢያገኝስ? በ54 ሴኮንዱ ጥያቄ ላይ አራት ደቂቃ ቆየሁ። ፈታኙ «አምስት ደቂቃ ቀራችሁ» አለ።

ቤት ስደርስ ሚጡ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ሌባው መጣ?»

«መጣ። በሰዓት 10 ይሮጣል፤ ፖሊሱ 8።»

አሰበች። ብዙ አልፈጀባትም። «አይያዝማ!»

«በ12 ደቂቃ ያዝኩት።»

«እንዴ! እንዴት አድርገህ?»

«ታጥፌ ጠበቅኩት።»