ፍላሿ ትኑርልን

ባካፕ የፈሪ ሰው ሥራ ነው። አንዳንድ ዲዛይነር ሥራውን ሦስት ቦታ ያስቀምጣል አሉ። ምን ያህል ፈጣሪውን ቢጠራጠር ነው? እኛ ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ አንድ ፋይል በአንድ ፍላሽ ይዘን እንኖራለን። ያቺው ፍላሽ ደግሞ ከቤት ቁልፍ ጋር ታስራ፣ ከሳንቲም ጋር እየተፋጨች ኪስ ለኪስ ትዞራለች።

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። 64 ገጽ የትምህርት ቤት መጽሔት ማታ ወደ ማሽን ሊገባ ነው። ሥራው በሙሉ የተሠራው እዚያችው ፍላሽ ላይ ነው። ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ ማድረግ ለምን ያስፈልጋል? የፋይሉን ስም ልብ በሉልኝ፦ «የመጨረሻ የመጨረሻ አሁን እውነቱን 2»። (እኔም ይህን የምጽፍበት ፋይል «አዲስ ጽሑፍ 3» ይባላል፤ አልኮራም።) ትናንት ማታ መብራት ብልጭ ሲል ዲዛይነሩ ልጅ ገና ሴቭ እያደረገች ያለችውን ፍላሽ ከነነፍሷ ነቅሏት ቤቱ ሄዷል። ፍላሽ ከመንቀል በፊት ኢጀክት ብሎ ኮምፒውተሩን ማስፈቀድ ጊዜ የተረፈው ሰው ቅንጦት ነው።

ጠዋት የገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም፣ ኢንዲዛይን፣ ፋይሉን ከፈተው። ገጽ 41 ሲደርስ ድርግም አለ።

የወለዬ ትዕግሥት የሚታየው ይሄኔ ነው። ልጁ መልሶ ከፈተ። ተዘጋ። «አብሽር፣ አሁን ይከፍታል» አሉት ባለቤቱ። ተዘጋ። አንዱ «ቢስሚላህ» ብሎ ጠቅ አደረገ፣ ሌላው «በስመ አብ» ብሎ። ተዘጋ። ሰማያዊዋ ክብ ትዞራለች፣ እኛም አብረናት እንዞራለን። ያንኑ የቆሰለ ፋይል፣ ያለ አንዳች ኮፒ፣ በአንድ ጠዋት አሥራ ሰባት ጊዜ መክፈት የዋዛ ጽናት አይደለም።

ቡና ተፈላ። አቦሉ ላይ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ተደረገ። ቶናው ላይ «ቫይረስ ነው» ተባለና አንቲቫይረስ ተጫነ። በረካው ላይ ዊንዶው ፎርማት ይደረግ የሚል ሐሳብ መጣ። ጣሪያ ቢያፈስ ቤቱን ማፍረስ! እንዲህ ዓይነት ቆራጥ ሰው ነው የጠፋው።

ጥግ ላይ የሠርግ ካርድ የሚያጥፍ ጎረምሳ ነበር። «መጀመሪያ ፋይሉን ሀርድ ዲስኩ ላይ ኮፒ እናርገውና ኮፒው ላይ እንሞክር» አለ። ሁሉም ዞረው አዩት። ልጅ አይደል? ጭራሽ አይዲኤምኤል የሚባል ነገር አነሳ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንዲዛይን ውስጥ ያለ የፋይል ዓይነት ነው፤ ሰነዱን እንደ አዲስ በኤክስኤምኤል፣ ማለትም በተራ ጽሑፍ መልክ፣ ስለሚጽፈው ብዙ ጊዜ ብልሽቱ እዚያው አሮጌው ፋይል ውስጥ ይቀራል። ሞከረው። ገጽ 41 ላይ ሲደርስ እሱም ተዘጋ። ባለቤቱ በእፎይታ ፈገግ አሉ።

ጎረምሳው ግን አላፈረም። አዲስ ሰነድ ከፈተና ከ1 እስከ 40፣ ከዚያ ከ42 እስከ 64 ያሉትን ገጾች ወደዚያ አዛወረ። ምንም አልተዘጋም። የገጽ 41ን ጽሑፍ ባለፈው ሳምንት ለደንበኛው በቴሌግራም ከተላከው ፒዲኤፍ ላይ ኮፒ አድርጎ መለሰው። ጥፋተኛውም ተገኘ፤ ከዎርድ ላይ ተነሥቶ የተለጠፈ የተበላሸ ፎቶ ነው። ሁሉ ነገር ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ደግነቱ ቀድሞ አልተናገረም እንጂ ቡናውን ያስቀርብን ነበር።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ደንበኛው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አዩ። 41 ላይ ቆሙ።

«የክብር እንግዳችን ፎቶ የት ሄደ?»

«ጋሼ፣ ፋይሉን የሚገድለው እሱ ነው።»

«እሳቸው? ዝንብ ገድለው አያውቁም! መልሱልኝ።»

ዲዛይነሩ ፎቶውን ከአሮጌው ፋይል አውጥቶ መለሰው። ሴቭ አደረገ። ፍላሿ ላይ።