ሰማያዊው ሳህን የማን ነው?

በየሙዚየሙ ከሰማያዊና ነጭ ሳህኖች አጠገብ ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው የአንድ አገር ስም ነው፦ «ቻይና»። እኔን ይሄ አይበቃኝም። የሳህኑን ግማሽ ታሪክ ይውጠዋል።

እ.አ.አ. በ1998 ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ከቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ፣ ጠላቂዎች አንዲት የሰመጠች መርከብ አገኙ። ሳንቃዎቿ በምስማር አልተመቱም፤ በገመድ የተሰፉ ናቸው። የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሰዎች መርከብ የሚሠሩት እንዲህ ነበር። ጭነቷ ግን የቻይና ነው። 60 ሺህ ገደማ ዕቃ፣ አብዛኛው በቻይናዋ ሁናን ግዛት ውስጥ ከቻንግሻ የሸክላ ምድጃዎች የወጣ ጎድጓዳ ሳህን። አንዱ ላይ የተቀረጸው ቀን በ826 ላይ ይውላል።

የወርቅ ዋንጫም ነበረባት፤ ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ነው። እኔ ግን ዓይኔን መንቀል ያቃተኝ ከእነዚያ ርካሽ ሳህኖች ላይ ነው። ጠርዛቸው አራት ቦታ ላይ ቡናማ ቀለም ተነክሯል። መሃሉ ላይ ሠዓሊው በፈጣን እጅ ወፍ፣ ዓሣ ወይም የሎተስ አበባ ጣል አድርጎበታል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ የአረብኛ ጽሕፈት ለመምሰል የሚሞክር ጭረት አለ። አስቡት፦ ከባሕር ርቆ መሃል አገር የተቀመጠ ሸክላ ሠሪ፣ በዓይኑ የማያየውን ደንበኛ ምርጫ እያሰበ ብሩሹን ሲያነሳ!

ከዚያው ጭነት ውስጥ በሰማያዊ የተሳሉ ሦስት ነጭ ሳህኖች ወጥተዋል። ሙሉ ሆነው ከተገኙት የቻይና ሰማያዊና ነጭ ሸክላዎች በዕድሜ የሚቀድማቸው አይታወቅም። ንድፋቸው ግን ኢራቅ ውስጥ የባስራ ሸክላ ሠሪዎች ይስሉት የነበረው ዓይነት ነው።

የባስራ ሰዎች ደግሞ በቻይና ነጭ ሸክላ ልባቸው ተሰርቆ ነበር። ያ ነጭ አፈር እነሱ ጋ የለም። ስለዚህ ቢጫማ ሸክላቸውን ቆርቆሮ በተቀላቀለበት ነጭ ቅብ ሸፈኑት፤ በላዩ ላይ ኮባልት በተባለ ሰማያዊ ቀለም በሚሰጥ ማዕድን ሳሉበት። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የቻይናዋ የሸክላ ከተማ ጂንግደጀን ከፋርስ ምድር ኮባልት አስመጥታ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ሳህን ሠራች፤ ብዙውንም መልሳ ለመካከለኛው ምሥራቅ ሸጠች። ይሄን ሁሉ ምልልስ በአንድ አገር ስም መዝጋት ለእኔ ስህተት ነው።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ድሬዳዋ አጠገብ፣ ሐርላ በተባለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ላይ፣ አርኪዮሎጂስቶች የቻይና ሸክላ ስብርባሪ አግኝተዋል። የጌጣጌጥ መሥሪያ ምልክቶችም እዚያው ወጥተዋል። እንዲህ ያሉ ስብርባሪዎች ለሕዝብ ሲቀርቡ «ከቻይና የመጣ» ተብለው ብቻ እንዳይታለፉ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሸክላው በየትኛው ወደብ እንደወረደ፣ በምን ተጭኖ ሐርላ እንደደረሰ፣ የሐርላ ሰው ምን ሰጥቶ እንደገዛው የሚጠይቅ ጽሑፍ አብሮ ይለጠፍ።