ሲቪ ላይ አምስት ዳታቤዝ፣ እጅ ላይ አንድም

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የተለጠፈ የአይቲ ሥራ ማስታወቂያ ቆም ብላችሁ አንብቡ። «ማይኤስኪውኤል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ኦራክል እና ፖስትግሬስ የሚችል፤ የሥራ ልምድ 0 ዓመት» ይላል። አራቱም የዳታቤዝ ሰርቨሮች፣ ማለትም የተደራጀ መረጃ የሚያስቀምጡና የሚያቀርቡ ፕሮግራሞች ናቸው። ገና የተመረቀ ልጅ አራቱን መቼ ደርሶ ቻላቸው? ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ ከሌላ ማስታወቂያ የተገለበጠ ነው። አመልካቹም በተራው ሲቪው ላይ ይገለብጠዋል፤ አንዳንዱ ሞንጎዲቢን ጨምሮ አምስት ያደርሰዋል። ከዚያ ሁለቱ ኮፒዎች ቃለ መጠይቅ ላይ ይፋጠጣሉ።

እኔ አንዱን ብቻ፣ ግን እስከ ሥሩ የሚያውቅ ልጅ ይሻለኛል።

አልፎ አልፎ ጥያቄ አውጣ እየተባልኩ የቅጥር ፈተና ላይ እቀመጣለሁ። ከወሎም ከወልዲያም ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ልጆች ኤስኪውኤል፣ ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ቋንቋ፣ መጻፍ አያቅታቸውም። ጆይኑንም (ቴብሎችን፣ ማለትም ሰንጠረዦችን፣ ማገናኘቱን) ኖርማላይዜሽኑንም (ዳታ እንዳይደጋገም ቴብል መከፋፈሉን) ለመውጫ ፈተና ሲሉ በልተውታል። የሚያፋጥጣቸው «ዳታው የት ነው ያለው?» የሚለው ነው። «ፒኤችፒማይአድሚን ውስጥ» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እሱ ማያ መስኮት ነው እንጂ ዳታቤዙ አይደለም። ብትዘጉት ሰርቨሩ ሥራውን ይቀጥላል። የማይክሮሶፍቱ ማኔጅመንት ስቱዲዮም ያው ነው።

ሰርቨሩ ራሱ ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። አንድ ፖርት (ቁጥር ያለው የኔትወርክ መግቢያ በር) ላይ ሆኖ ጥያቄ ይጠብቃል፤ ማይኤስኪውኤል በተለምዶ 3306፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር 1433፣ ፖስትግሬስ 5432። የጠየቀው ማን እንደሆነ ያጣራል፣ ፈቃዱን ያያል፣ ከሜሞሪ ወይም ከዲስክ አንብቦ ይመልሳል። ዳታው ያለው ዲስኩ ላይ፣ በፋይል ነው። ፋይሉ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳለ ሄዳችሁ እዩት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ብዙ ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን የሚሠራበትን ዛምፕን፣ ዌብ ሰርቨርና ዳታቤዝ ባንዴ የሚጭነውን ጥቅል፣ እንውሰድ። መቆጣጠሪያው ላይ «ማይኤስኪውኤል» ይላል። ከአውሮፓውያኑ 2015 ወዲህ ግን ከሥር ያለው ማሪያዲቢ ነው፤ ከማይኤስኪውኤል መሥራቾች አንዱ በ2009 ገንጥሎ ያወጣው። ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ፤ ቢሆንም የምትሠሩበትን ሰርቨር ስምና ስሪት አለማወቅ ያስገምታል። ደግሞ ዛምፕ ሲጫን ሩት የሚባለው፣ ሁሉን ማድረግ የሚችለው ተጠቃሚ የይለፍ ቃል የለውም። ለክፍል ሥራ ይሁን። መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲያው ትቶት የሚሄድ ሰው ግን እኔ አልቀጥርም።

እኛ ጋ ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት የመብራት ነገር ነው። ገንዘብ ከአንዱ ሂሳብ ተቀንሶ ሌላው ላይ ሳይደመር መብራት እልም አለ። ሲመጣ ምን ይሆናል? ደህና ሰርቨር ለውጡን አስቀድሞ ሎግ በሚባል የለውጥ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ሲነሳ ሎጉን ያነባል፤ ኮሚት የተደረገውን (ተጠናቆ የጸደቀውን) ያጸናል፣ በእንጥልጥል የቀረውን ይሰርዛል። ስለዚህ ገንዘቡ መሀል መንገድ ላይ አይቀርም። ማይኤስኪውኤል ላይ ይህ የሚሠራው ቴብሉ የሚቀመጥበት ዘዴ ኢኖዲቢ ከሆነ ነው፤ ማይአይሳም ከሆነ አለቀላችሁ። ሎጉም ጣጣ አለው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ፉል ሪከቨሪ (ባክአፕ እስኪወሰድለት ሎጉ እንዳይጸዳ የሚያደርግ ቅንብር) ተደርጎ የሎግ ባክአፕ የማይወሰድለት ዳታቤዝ ሎጉ እያበጠ ዲስኩን ይሞላል። ከዚያ በኋላ ደንበኛው የሚሰማው ያቺን የለመዳትን «ሲስተም የለም» ነው።

ስለ ባክአፕ ወሎ ውስጥ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከየተቋሙ ኮምፒውተር ተጭኖ ሄዷል። ባክአፑ እዚያው ማሽን ላይ ከነበረ አብሮ ነው የሄደው። ዛሬም «ባክአፕ እንወስዳለን» ብሎ እዚያው ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥ ቢሮ አይጠፋም። ሌላ ሕንጻ፣ ከተቻለም ሌላ ከተማ መቀመጥ አለበት። መልሶ ተጭኖ ያልተሞከረ ባክአፕ ደግሞ ባክአፕ ነው ብሎ መተማመን ከባድ ነው።

የቱን ልማር ለሚል፣ የምታመለክቱበት ቤት ምን እንደሚጠቀም መጀመሪያ አጣሩ። እዚያ የሚሠራ ዘመድ ወይም የሰፈር ልጅ መቼም አይታጣም። የጤናው ዘርፍ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የመረጃ ሥርዓት ከፖስትግሬስ ጋር ይሠራል። ባንክ ከሆነ ኦራክል የማጋጠሙ ዕድል ሰፊ ነው። ትናንሽ ቢሮዎች የኤስኪውኤል ሰርቨርን ነጻ እትም፣ ኤክስፕረስን፣ መጫን ይወዳሉ። እሱ እስከ 2022 እትም ድረስ በአንድ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት በላይ አይዝም። ይህን የሚያውቅ አመልካች «ዳታችሁ ስንት ደርሷል?» ብሎ ጠያቂውን መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። እኔን እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢመጣ ደስታዬ ነው።

ቀጣሪዎችም ትርጉም ማስሸምደዱን ተዉት። «ዳታቤዝ ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ መልሱን ማንም በቃሉ ይወጣዋል። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የባክአፕ ፋይል፣ ግማሽ ሰዓት ስጡት። ባዶ ሰርቨር ላይ ይመልሰው፣ ማንበብ ብቻ የሚችል ተጠቃሚ ይፍጠር፣ በዚያ ተጠቃሚ ገብቶ አንድ መዝገብ ለመሰረዝ ሲሞክር እንቢ ማለቱን ያሳያችሁ። ማስታወቂያው ላይም የምትጠቀሙበትን የአንዱን ሰርቨር ስም ብቻ ጻፉ።